ወደ ኋላ የሄደችው ስድስት መቶ

አሁን እንኳ እጁን በጋዝ የሚታጠብ መካኒክ አጠገቤ ከቆመ ደሜ ይፈላል። ምን ታደርገዋለህ፣ ሽታው ያንን ጓደኛዬን ያመጣብኛል።

ደባርቅ ነው፤ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ሲሞት ፊያት ስምንት መቶ ሃምሳ ትቶልን ነበር። አካሏን ዝገት በልቶት ሞተሩ ብቻ ጤነኛ ነው። እናቴ ታዲያ «የሞተሩን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ልስማው» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ያለ ፊያት ስድስት መቶ ነበረችው። ጎንደር ጋራዥ ሠርቶ የመጣ መካኒክ ነው፤ እኔን ብሎን መፍታት ያስተማረኝም እሱ። «ያንተን ሞተር የኔዋ ላይ እንግጠመው፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ልክክ ይላል። መኪናዋም የጋራችን ትሆናለች» አለኝ። አመንኩት፣ ጅሉ!

ገጥመን የጨረስነው በገበያ ቀን ነበር። «አንተ ንዳት፣ የአባትህ ሞተር ነው» ብሎ መሪውን ለቀቀልኝ። አስነሳኋት፤ ያ የማውቀው ድምፅ ወጣ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዋ ወደ ኋላ! ሁለተኛም ወደ ኋላ። ወደ ፊት የሄደችው በኋላ ማርሽ ብቻ ነው። ለሽያጭ የተዘረጋ የሰው ገብስ ላይ ወጣሁልህ። አንዱማ «አገሯ ጣሊያን ልትመለስ ነው!» ብሎ ገበያውን በሳቅ ገደለው። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ጓደኛዬ ነበር።

ሳምንት ሙሉ አደባባይ መውጣት አፈርኩ። «ይሄ ሞተር አይሆንም፤ ለመለዋወጫ ይሁነኝ» ሲለኝ «ውሰደው፣ ከፊቴ አጥፋልኝ» አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ለእናቴ ግን መንገር አቃተኝ።

ወር ሳይሞላ የድሮ አለቃው ከጎንደር መጥቶ ጉዱን ነገረኝ። የስምንት መቶ ሃምሳው ሞተር የሚዞረው በተቃራኒው ነው አሉ፤ መፍትሔው ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ገልብጦ መግጠም ብቻ። «እሱ እኮ እኔ ጋ ሳለ ሁለት ሦስቴ ሠርቶታል» አለኝ። እያወቀ ነው መሪውን የሰጠኝ። እያወቀ!

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ዳባት ለቅሶ ደርሰን ሚኒባስ ስንጠብቅ ያ ድምፅ መጣ። ስድስት መቶዋ ወደ ፊት ትከንፋለች። እናቴ «የአባትህ ሞተር!» ብላ ክንዴን ጨመቀችው። ያ ዓይን አውጣ ደግሞ አቆመ።

«እማማ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎ።»

እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። እንዳትገባ ልላት አስቤ ነበር። ግን ፊቷ እንዲያ ሲበራ ከአባቴ ቀብር ወዲህ አይቼው አላውቅም። «እኔ ጉዳይ አለኝ» ብዬ በሩን ከፈትኩላት።

በሚኒባስ ቤት ስደርስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እንዲህ አሳምረህ ሠርተኸው ነው የደበቅኸኝ?» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።