ጉርሻ የከለከልኳት ኤሊ

ባለፈው ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ገበያ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ቲማቲሟን ለሁለት ከፈለችና «እማማ፣ እስቲ ይቺን ይጉረሱልኝ፤ ስኳር ናት» ብላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። «በእጄ ስጪኝ» አልኳት። ቅር አላት። ጉርሻ እምቢ የሚል አሮጊት አይታ አታውቅም መሰለኝ። እኔ ግን በጉርሻና በቲማቲም የተነሳ ከአንድ ግቢ ሙሉ ሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝም ያኔ ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ የውጭ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ከቆላ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ፓፓያ ወይም ሎሚ ይይዛል። አንድ ቀን ግን ከአዋሽ በካርቶን ኤሊ ይዞ መጣ። የድስት ክዳን ታክላለች። አንገቷን ቀስ ብላ አውጥታ ሁላችንንም በተራ ስትገላምጠን እናቴ «ኧረ እሜቴ!» አለች፤ ስሟ እሜቴ ሆኖ ቀረ።

የእኛ ግቢ እንግዳ የሚቀበለው በማጉረስ ነው፤ እሜቴንም እንደዚያው ተቀበላት። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ቲማቲም ያጎረሰቻት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበረች። እሜቴ ዋጥ ስታደርገው ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የወጣም የገባም ሳያጎርሳት አያልፍም። እሷም ለመደችው። መሬት ላይ ያለ ነገር አትነካም፤ ሣር ስትሰጣት ፊቷን ታዞራለች፣ ጎመን ስትሰጣት ረግጣው ትሄዳለች። ቲማቲም ብቻ፣ ያውም ከሰው እጅ። ይህ ደግሞ ኩራታችን ሆነ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት «የእኛ ኤሊ ሣር አትበላም» እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት እሜቴ የኋላ እግሮቿን መጎተት ጀመረች። የጎረቤት ላም ሊያይ የመጣ የከብት ሐኪም ለምኜ አሳየሁት። ጀርባዋን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ሰርጎድ አለ።

«ምን ታበሏታላችሁ?»

«ቲማቲም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አትነካም።»

«ሣርና ቅጠል፣ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊትም ካልበላች ይህን ክረምት አትወጣውም» አለኝና ወደ ላሟ ሄደ።

አባቴ ይህን ሲሰማ አዘነ። «ከሚቀጥለው ጉዞዬ ስመለስ መብላት ካልጀመረች ወደ አገሯ እመልሳታለሁ፤ እጃችን ላይ አትሞትም» ብሎ ሄደ። እግሯን የምትጎትት ኤሊ በረሃ ላይ ምን እንደሚጠብቃት ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያለኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ነበር።

ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ በግቢው እንቁላል የሚባል ነገር የለም። ስልጤው ጎረቤታችን ጋሽ ከድር፣ በራችን ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ቤታቸው የተበላውን እንቁላል ቅርፊት በጋዜጣ ጠቅልለው ያቆዩልኝ ጀመር። እናቴ ጥቅሉን እጄ ላይ ስታይ ጮኸች፦ «በጾም ሙቀጫዬ እንቁላል ልትወቅጪብኝ ነው?» ሙቀጫዋን ተውኩላትና ዝናብ እየመታኝ ደጅ በድንጋይ አደቀቅሁት። ከዚያም ሣርና የዱባ ቅጠል ከትፌ፣ ሽታውን እንድትወደው የቲማቲም ውሃ ጠብ አድርጌበት መሬት ላይ አስቀመጥኩና ለግቢው አወጅኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ እሜቴን የሚያጎርስ እንዳይኖር!

ሦስት ቀን ምንም አልቀመሰችም። አፏን ከፍታ እጅ እጃችንን ታያለች። አንጀቴን በላችው፤ ግን አልሰጠኋትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አገጯ ላይ የቲማቲም ፍሬ ተለጥፎ አገኘሁ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ያጎረሷት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! እኔስ ለነፍሴ ብዬ ነው የምጾመው፤ እሷ ለማን ብላ ትጹም? ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ነሽ!»

«በጉርሻዎ እየገደሏት ነው!»

ለታላቅ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ «ጉልበቷን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አለችኝ። «አልጠይቅም» አልኩ። ጥፊውን ቀመስኩ፣ ይቅርታውን ግን አልጠየቅሁም። ያኔውኑ እሜቴን ታቅፌ ጋሽ ከድር ጓሮ አስገባኋት። «እዚህ የሚያጎርሳት የለም፤ አንቺም ዓይንሽን ከእሷ ላይ አንሺ፤ እጅሽን እያየች አትበላም» አሉኝ።

በየቀኑ የቲማቲሙን ውሃ እየቀነስኩ ሣሩን አቀርባለሁ። ጀርባዋን ፀሐይ እንዲያገኘው ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ወደ ቆርቆሮው አጥር አስጠጋታለሁ። በስምንተኛው ቀን አንድ የዱባ ቅጠል በአፏ ስባ ቀደደች። ቆም ብላ ደግሞ ቀደደች። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሲመጣ ሣር ስትግጥ አገኛት፤ ሊመልሳት ያዘጋጀውን ባዶ ካርቶን አጣጥፎ አስቀመጠው። እትዬ ዘነበች እስከ መስቀል ድረስ አላናገረችኝም።

እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ደጎች ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እሜቴ ግን ታናሽ ወንድሜ ዘንድ፣ ቂሊንጦ፣ ሰፌድ አክላ ትኖራለች። ጀርባዋ ድንጋይ ነው፤ በአፏ የማይገባ ቅጠል የለም። የወንድሜ ልጆች ሲጠሩዋት ትመጣለች፣ እንግዳ ሲነካትም ደስ ይላታል። እኔ አጠገቧ ስቀመጥ ብቻ አንገቷን ትሰበስባለች። ከዚያ ክረምት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ወደ እጄ መጥታ አታውቅም። ወንድሜ «አልረሳችልሽም» እያለ ይስቅብኛል።

ልጅ ሳለሁ ይህ ያስለቅሰኝ ነበር፤ አሁንም አይከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን ነገ ብትታመም ደግሜ እከለክላታለሁ። ትቀየመኝ። ጠግባ ትቀየመኝ።