ሞያሌ ዝግ ብሎ የደረሰው ሲምፎኒ

ባለፈው ሳምንት ሱቃችን ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ሳለሁ፣ ልጄ ሳሙና እየደረደረች በስልኳ የከፈተችው ሙዚቃ ክው አደረገኝ። ታላቅ ኦርኬስትራና ብዙ መዘምራን አንድ ላይ የሚጫወቱት የሲምፎኒ ክፍል ነው፤ ዜማውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ምን ነካው? ጅብ እንዳየ አህያ ይፈረጥጣል፣ ሴቶቹም ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚጮኹ ይመስላሉ። «ምነው አጣደፍሽው?» ብላት ልጄ ሳቀችብኝና ከስልኩ ላይ አነበበችልኝ፤ ፍጥነቱ ፈጣን፣ ቁልፉ ኤፍ ሜጀር፣ ስሜቱ ደስታ። እኔ የማውቀው ዝግ ያለና ወፍራም፣ ሆድን የሚያባባ ዜማ ስለነበር፣ የተሳሳተው ስልኩ ነው ብዬ ልከራከራት ምንም አልቀረኝ።

ዜማውን ወደዚህ ወደ ኬንያ ሞያሌ ያመጡት ሒሳብም መዝሙርም የሚያስተምሩን ቦረናው መምህራችን ዋርዮ ነበሩ፤ በስዋሂሊ ምዋሊሙ እንላቸዋለን። ከኮሌጅ ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ አንድ ካሴት ነበረች፤ ለወላጆች ቀን ያንን እንድንዘምር ወሰኑና፣ የፈረንጁን ቃል የሚያውቅ ስላልነበረ ራሳቸው ስለ ዝናብ የስዋሂሊ ግጥም ጻፉለት። ትምህርት ቤቱ መብራት ስላልነበረው ቴፑ ከአባቴ ምግብ ቤት ይመጣል፤ ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ።

ተሸካሚ እንጂ ዘማሪ አልነበርኩም። ድምፄ ከመወፈሩ የተነሳ ከጓዳ «ሁለት ሻይ!» ብዬ ስጣራ የጭነት መኪና ሾፌሮች የትኛው ጎረምሳ ነው ብለው ይዞሩ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ተርም ከመዘምራኑ የተባረርኩትም በዚሁ ድምፄ ነው። ያኔ ከእነዚያ ልጆች መሃል ከመቆም በላይ በዓለም ላይ የምመኘው ነገር አልነበረም፤ ቴፑን ካስቀመጥኩ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ እሰማቸው ነበር።

በዚያ ዘመን የባትሪ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ተመልሶ ቴፑ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እንደዚያ በተነከሰ ድንጋይ ካሴቷ እያቃሰተች ስትዞር ዜማው ዝግ አለ፣ ድምፁም ቁልቁል ወረደ፤ በቀጭን ድምፅ የምትመራቸው ጓደኛዬ ቃባሌ እንኳን ልትከተለው አቃታት። እኔ ግን ሳላስበው ከበሩ ላይ ሆኜ አብሬው ወረድኩ። ምዋሊሙ በእጃቸው የያዙትን የግራር ጭራሮ አየር ላይ አንጠልጥለው ዞሩ።

«ዘነቡ! ኩምቤ ኡና ሳውቲ!» አሉኝ፤ ለካ ድምፅ አለሽ ማለታቸው ነው። በዚያው ቀን ከሃያ ሁለቱ ልጆች ፊት አቆሙኝ።

ከዚያ ወዲህ ደካማ ድንጋይ እየመረጥኩ መውሰድ ሥራዬ ሆነ፤ ምዋሊሙም፣ ለካ ኮሌጅ ሳሉ የሰሙት በደካማ ድንጋይ ነበርና፣ ልኩ ይህኛው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጉዱ የመጣው ከአባቴ ደስታ ነው። የወላጆች ቀን ሊደርስ ሲል «ልጄ በደከመ ድንጋይ ዘምራ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ አራት አዳዲስ ድንጋይ ገዛልኝ። ጓሮ ወስጄ ብሞክረው ዜማው ሮጦ ወጣ፣ የእኔ ድምፅ አልደረሰበትም። ስለዚህ አዲሶቹን የአባቴ የእጅ ባትሪ ውስጥ፣ የባትሪውን አሮጌዎች ቴፑ ውስጥ ከተትኩ። አባቴም «የእኔ ባትሪ ዘንድሮ እስከ ቡቲዬ መንደር ያበራል!» እያለ ለደንበኞቹ ይፎክር ጀመር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ባትሪውን ከፍቶ አዲሶቹን ሲያገኝ የተሳሳተው ራሱ መሰለውና፣ በመጨረሻው ልምምድ ቀን እየሮጠ መጣ። «ምዋሊሙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ጅሉ አቀያይሬው!» ብሎ በገዛ እጁ ቀየረው። ዜማው በረረ፤ ቃባሌና ልጆቹ ተከትለውት በረሩ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እዚያው አባቴ ፊት እያለቀስኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬቱን አየ።

ምዋሊሙ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ቴፑን አነሱና ለአባቴ ሰጡት። «ባባ ዘነቡ፣ ይሄን ወደ ቤት ውሰድ። ካሴቱ ሌላ፣ እኛ ሌላ። ነገ ዘነቡ ትጀምራለች፣ እኛ እንከተላለን።»

በማግስቱ ግራሩ ሥር ወላጆች ተሰብስበው፣ ፍየል ሁሉ ሳይቀር መጥቶ፣ ምዋሊሙ ጭራሯቸውን ሲያነሱ ፀጥ አለ። ጀመርኩ፤ በእኔ ልክ፣ ዝግ ብዬ፣ ከታች። ቃባሌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከጎኔ ያዘችልኝ። ስለ ዝናብ የሚለው ቃል ሲደርስ ከፊት የተቀመጡት የቦረና ሽማግሌዎች ምርቃት መስሏቸው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አባቴም አያቸውና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አብሯቸው ዘረጋ። ዝናቡ አልመጣም፤ መጣ ብል ውሸታም እሆናለሁ። የአባቴ ፊት ግን ርሶ ነበር።

አሁን ምዋሊሙም አባቴም የሉም። ቃባሌ አግብታ ማርሳቢት ገባች፣ ግራሩም ተቆርጦ በቦታው መማሪያ ክፍል ቆሟል። አላማርርም፤ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ ሱቄ ደህና ነው፣ ጎረቤት ይወደኛል። ግን ናፍቆቴን ልደብቅ አልችልም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጀምሬአለሁ፤ ሃያ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ እኔ እስክጀምር የጠበቀኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው።