እትዬ ጥሩብርሃን ዌልነስ የሆኑ ጊዜ

በእኛ ሰፈር፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት፣ የቁርጭምጭሚት ጉዳይ የእትዬ ጥሩብርሃን ነው። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ጫማውን አድርጎ እንጦጦን በሩጫ ሊወጣ ያለፈ ሁሉ፣ ረፋድ ላይ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ወደ እሳቸው በር ይወርዳል። ይህንንም ስፖርት ለጤና ይሉታል።

እትዬ ጥሩብርሃን ወጌሻ ናቸው። ሙያውን ከአባታቸው ተምረው ሠላሳ ስድስት ዓመት የወለቀ ሲመልሱ፣ ወለም ያለ ሲያሹ ኖረዋል። ስብራት ከጠረጠሩ ግን እጃቸውን አያሳርፉም፤ «ሂድና ራጅ ተነሳ» ብለው ያባርራሉ። «ይህን አልችልም» የሚል ባለሙያ በዚህ ከተማ ብርቅ ስለሆነ ሰው አብዝቶ አመናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ኡርጂን ያሳደጉትና ያስተማሩት በዚያችው አንድ ክፍል፣ በዚያችው አንድ አልጋ ነው። በሩ ተዘግቶ የሰው ሚስት፣ የሰው እናት እዚያ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ባል ውጪ ቆሞ ስልኩን ይነካካል እንጂ ክፉ ሐሳብ በአጠገቡ አያልፍም። እትዬ ጥሩብርሃን ከዚህ ስም ሌላ ሀብት የላቸውም።

እኔ ፊሊጶስ እባላለሁ። ከእሳቸው ክፍል በአንዲት ስስ ግድግዳ የምትለየው ፎቶ ኮፒ ቤት የእኔ ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ፣ በሰው ነገር እስቃለሁ። የመጨረሻውን የምሠራው በነፃ ነው።

መከራው የመጣው በፍቅር በኩል ነው። ኡርጂ አሁን አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ለእናቷ የምትጨነቅ ልጅ ናት። አንድ ቀን መጥታ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ኦንላይን የለሽም!» አለቻቸው። እትዬ ጥሩብርሃን የመሞታቸውን ዜና የሰሙ ያህል ደነገጡ። ልጅቷም ወዲያው ሲ.ኤም.ሲ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና አስመዘገበቻቸው። ርእሱ «ሥራ ለሚበዛባቸው የዌልነስ ባለሙያዎች ቀላል ኦንላይን ማርኬቲንግ» ይላል። ዌልነስ ያሉት ጤናና ምቾት ለማለት ነው። ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ሥራቸውን ዘግተው፣ ሥራ እንዴት እንደሚበዛ ሲማሩ ዋሉ።

አሠልጣኙ ቅዱስ የሚባል፣ በዕድሜው አንድም ቀን ወለም ብሎት የማያውቅ ለስላሳ ወጣት ነው። እትዬ ጥሩብርሃን ሙያቸውን ሲነግሩት በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ወጌሻ የሚለውን ማንም ሰርች አያደርግም። ሰው ሰርች የሚያደርገው ማሳጅ ነው።»

ልጁ አልዋሸም። ፈላጊው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብቻ አልነገራቸውም። ለሁሉም ሠልጣኝ የሚያድለውን ጽሑፍ ስም ለውጦ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልለው በማግስቱ ለእኔ አመጡልኝ። ስልካቸውን ራሳቸው መክፈት አይሆንላቸውም። ዘይትና ዓመታት የጣታቸውን አሻራ ስለፋቁት ስልኩ አያውቃቸውም።

ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ «ጥሩ ዌልነስ! ሙሉ ሰውነት ማሳጅ በባለሙያ እጅ። ምቹ የግል ክፍል። ምስጢርዎ ይጠበቃል። ቤትዎ ድረስም እንመጣለን። አሁኑኑ ይደውሉ!»

አንብቤ ቀና ስል እትዬ ጥሩብርሃን የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ያዩኛል።

«እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

«በጣም አሪፍ ነው እትዬ» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሳምሬ አውቃለሁ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የሚሆነውን ማየት አማረኝ። በቴሌግራምም በፌስቡክም ከነስልክ ቁጥራቸው ለቀቅኩት፣ ከጎኑ የአበባ ምስል ጨመርኩበት። መረቁኝ።

ስልኩ በዚያው ቀን ከሰዓት መጮህ ጀመረ። እጃቸው ዘይት ስለሆነ ላውድ ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ እኔም ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ።

«ሄሎ፣ ማሳጅ ቤት ነው? ልጆቹ እነማን ናቸው?» አለ አንዱ በጎርናና ድምፅ።

«የምን ልጆች? የምሠራው ብቻዬን ነው።»

«እሺ… አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት። አይዞህ፣ እጄ ገና ጠንካራ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ትጮሃለህ፣ ከዚያ ይተውሃል።»

ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ደወለ።

«የት ነው ያመመህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«እ… ሁሉም ቦታ» አለ እየተሽኮረመመ።

«ሁሉም ቦታ ካመመህ ሆስፒታል ሂድ!»

በሳቅ እንባዬ እስኪፈስ ድረስ ወረቀት መደርደሪያው ሥር ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም የለም፤ ሐፍረቱ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

ማሳጅ የሚለው ቃል በከተማው ምን ለማለት እንደሚውል የነገረቻቸው ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ሳፊያ ናት። ትከሻዋን እየታሸች ሦስተኛውን ስልክ ሰማች፤ ተነሥታ ጆሯቸው ሥር በሹክሹክታ አስረዳቻቸው። ማስታወቂያውን ወዲያውኑ አጠፋሁት፤ ስክሪንሾቱ ግን የሰፈሩን ግሩፕ ሁሉ ጎብኝቶ ጨርሷል። ሳምንቱን ሙሉ በራቸው ክፍት ሆኖ አልጋቸው ባዶ ዋለ። ደጃቸው ላይ ቡና እየጠጣች የምታወራ ጎረቤት እንኳ ጠፋች። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በወዲያኛው መንገድ ማለፍ ጀመሩ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ስም በአንዲት የአበባ ምስል ታጅቦ ተቀበረ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ጥሩብርሃን ወደ እኔ መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለነገ ጠርተዋቸዋል።

«ፊሊጶስ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ቃሉን አታውቀውም ነበር?»

«አላውቀውም ነበር እትዬ።»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት። ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር አልኩ» ብለው ወጡ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ ባልናገር ይሻላል።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጓሮው ክፍል ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ጋሽ ገመዳ ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዧ ደግሞ የሴቶች ኅብረት ጸሐፊዋ ነፃነት፣ ማለትም ሚስቴ ናት። እኔ የተጠራሁት ጽሑፉ ከእኔ ቤት ስለወጣ ለምስክርነት ነው። እትዬ ጥሩብርሃን እጆቻቸውን ነጠላቸው ሥር ደብቀው ቆመዋል። እነዚያ እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ተደበቁ።

«አላወቅኩም ነበር» አሉ።

«እህት ጥሩብርሃን፣ እርስዎስ አላወቁም እንበል» አሉ ጋሽ ገመዳ። «የለቀቀልዎት ሰውስ?»

«እሱም አላወቀም። ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር።»

ብድግ አልኩ።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «እያወቅኩ ነው የለቀቅኩት። መሳቂያ ፈልጌ ነው። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም።»

እትዬ ጥሩብርሃን ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ ልቀመጥ ስል ጋሽ ገመዳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተስ ልጄ፣ በምን አወቅህ?»

የነፃነት እስክሪብቶ ቆመ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ብል ያበቃ ነበር፤ ሁሉም በእፎይታ ይቀበለኝ ነበር። ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ዋሽቼ ነበር፣ ሦስተኛውን መጨመር አልቻልኩም።

«አንድ ጊዜ ማሳጅ ቤት ሄጃለሁ» አልኩ። «ወገቤን አሞኝ።»

እውነቴን ነው፣ ወገቤን አሞኝ ነበር። ነገር ግን ከሱቄ ቀጥሎ ወጌሻ እንዳሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ወሬው ሳይመሽ ሲ.ኤም.ሲ ደረሰ። ሥልጠናም፣ አበባም አላስፈለገውም። የእኔን ጉድ ማውራት የፈለገ ሁሉ «እትዬ ጥሩብርሃን ምንም አያውቁም ነበር እኮ» ብሎ መጀመር ስላለበት፣ በየአፉ ስማቸውን እያጠበ መለሰላቸው። በሳምንቱ አልጋቸው ሞላ፤ ደጃቸው ላይ ወንበር ተጨመረ። ቀላል ማርኬቲንግ ይሉሃል ይህ ነው፤ አንድ የሚዋረድ ጎረቤት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ነፃነት አራት ቀን አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን ሱቄ መጥታ እጅጌዬን ይዛ ወደ ቀጣዩ በር ወሰደችኝ።

«ወገቡን ያመዋል አሉ» ብላ ለእትዬ ጥሩብርሃን አስረከበችኝ። «በሩን ደግሞ ክፍት ይተዉት።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሸሚዜን አውልቄ በደረቴ ተኛሁ። እትዬ ጥሩብርሃን ዘይቱን በመዳፋቸው አሙቀው ቆሙ።

«የት ነው ያመመህ?»

«ሁሉም ቦታ» አልኩ። የምሬን ነበር።

ሆስፒታል ሂድ አላሉኝም። አውራ ጣታቸውን ወገቤ ላይ አሳርፈው ተጫኑ፤ ጩኸቴም ማዶ ሳፊያ ሱቅ ድረስ ተሰማ።