ትራስ ሥር የነበረው ስልክ

ባለፈው ወር ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ የቀድሞው ርዕሰ መምህራችን ከሁለት ወንበር ማዶ ሲያወራ ሰማሁት። የዛሬ ልጆች በስልክ ምክንያት እንቅልፍ አጡ የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። እሱም በእሱ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ከዚህ ጣጣ እንዴት እንዳዳነው ይተርካል። ስልክ ከለከለ፣ ልጆቹ ማታ ተኙ፣ ቀን ነቁ፣ ፈተናቸውንም አለፉ። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። ልቅሶ ቤት ሰው አይታረምም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው።

አሶሳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ስልክ በተከለከለበት ዓመት የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል። እውነቱ ግን ወንዶቹ መጻፍ ስለማይወዱ ነው። ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እያንቀላፉ አስቸገሩ ተባለ፤ መምህራኑም ጥፋቱ የስልክ ነው ብለው ተስማሙ። ርዕሰ መምህሩ፣ ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ «ለተወሰነ ጊዜ» ይወሰድበት አለ። «ለተወሰነ ጊዜ» የሚባል ነገር በቃለ ጉባኤ አይጻፍም ብዬ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይመለስለትም» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ማንም አልተቃወመም። ያቺ አንዲት መስመር የእኔ ናት። ለሌላ ሰው አልሰጣትም።

ከሁሉም በላይ የምታንቀላፋው አንዲት የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው በኩርሙክ መንገድ ላይ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። የሰፈሯ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ስለሚያበቃ እናቷ ከተማ ወዳለችው አክስቷ ዘንድ ልካታለች። ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አትተኛም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ደብተሯን ስገልጠው ከአንድ ቃል መሐል የተነሳ መስመር ቁልቁል ተንሸራቶ ከገጹ ይወጣል። በየገጹ እንደዚያ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ የሥነ ዜጋው መምህር ሁልጊዜ የሚለው አያጣም። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ልጅሽ ክፍሉ ሆቴል መስሏታል፤ ቁርሷን አልጋዋ ድረስ እንላክላት እንዴ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ልጅቷንም አብሬያቸው ናቅኳት። ወላጆቻችን ከወሎ በሰፈራ ባመጡን ጊዜ፣ በቆሎውን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምንነሳው። ተኛችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። እኔ ያላገኘሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ አይለኝም። ይህን አሁንም አልተውኩትም።

ፍተሻ በተደረገ ቀን ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። አናቱ ላይ መብራት ያለው፣ ቁጥሮቹ ተፍቀው የጠፉ ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። ቪዲዮ ቀርቶ ፎቶ እንኳ አያሳይም። በዚህ ምን አይታ ታድራለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ወስጄ ለርዕሰ መምህሩ አስረከብኩ። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ስልኩን ከፍ አድርጎ ለተማሪው ሁሉ አሳየ። እንቅልፋችሁን የሚሰርቀው ሌባ ይኸው አለ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይሻላታል ብለን ስንጠብቅ ባሰባት። ዓይኗ ቀላ፣ ስትጠራ ዘግይታ ነው የምትሰማው። አንድ ረቡዕ እንደተቀመጠች ከወንበሯ ወደቀች። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ አስጠራኝ። ለክልላዊ ፈተና ስም የሚተላለፍበት ጊዜ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ተፈትና ከምትወድቅና የትምህርት ቤቱን ውጤት ከምታበላሽ፣ ዘንድሮ አቋርጣ በሚቀጥለው ዓመት ትምጣ አለ። የወላጅ ፊርማ የሚያስፈልገው ደብዳቤ አስጽፎ ሰጠኝ። ካቋረጠች ወደ ገጠር እንደምትመለስ፣ ከተመለሰች ደግሞ እንደምትዳር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሱ አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

አክስቷ ማንጎ ዛፍ ሥር ሕፃን እያጠባች ተቀምጣለች። ባሏ ለንግድ ኩርሙክ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። እሷ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ስለነበር ከባድ ነገር አታነሳም። ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ሰጠችኝ። ልጅቷ በስተኋላዬ ጀሪካን ታጥብ ነበር። ልጅቷ ክፍል ውስጥ እንደምትተኛ ለአክስቷ ነገርኳት። አክስቷ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ በቋንቋቸው ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀና ሳትል መለሰች። ልጅቷን፣ ለእኔም በአማርኛ ንገሪኝ አልኳት።

የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ይባላል እንጂ ቀኑንም ሰዓቱንም አይጠብቅም፤ የሚመጣው ሌሊት ብቻ ነው፣ ቶሎም ይሄዳል። የምትቀዳው ልጅቷ ናት፤ ስልኩን ድምፁን አጥፍታ፣ ሌሊት በየጊዜው እንዲነዝር ሞልታ ትራሷ ሥር ታስቀምጥ ነበር።

«ስልክ ካለ እተኛለሁ» አለችኝ። «ሲነዝር እነሳለሁ፣ ቧንቧ እከፍታለሁ። ውሃ ሊመጣ ሲል ያፏጫል፤ ካላፏጨ ተመልሼ እተኛለሁ። አሁን ከተኛሁ አልነሳም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ውሃ እስኪመጣ።»

ቤቴ የምትደውል ሰዓት ስለነበረችኝ፣ ነገ አመጣልሻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ይጮሃል፣ ቲቸር። ሕፃኑ ይነሳል። ኻልቲም ትነሳለች።» ኻልቲ የምትለው አክስቷን ነው።

ለአክስቷ አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ። ልጅ ለትምህርት ተልካ ለውሃ መዋሏ ልክ አይደለም አልኩ፤ በመምህርነቴ ነው የተናገርኩት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችና ጠየቀችኝ።

«አንቺ ቤት ውሃ ማን ይቀዳል?»

«ግቢያችን ቧንቧ አለ» አልኳት።

«እኛም አለን» አለችኝ።

ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ቀን ትሠራልኛለች፣ ማታ ትማራለች። ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልጽፍም። ከርከዴዬን ጨርሼ ተነሳሁ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ስልኩ እንዲመለስላት ጠየቅኩ። ምክንያቱን ዘርዝሬ አስረዳሁት። አዳመጠኝ፤ ይህን አልክድም። ስጨርስ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከመሳቢያው አወጣና ገጹን ፈልጎ፣ የእኔኑ ጽሑፍ ለእኔው አነበበልኝ።

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለ። «እኔ ለተወሰነ ጊዜ ነው ያልኩት።»

ልክ ነበር። ሰው ሲሳሳት ይቅር እለዋለሁ፣ ልክ ሲሆንና ልክነቱን እንደ ዱላ ሲይዘው ግን ይቅር ማለት አልችልበትም። ከቢሮው ወጣሁ።

የተወሰዱት ስልኮች የሚቀመጡት ንብረት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ንብረት ክፍል የምትሠራዋ ሴት ጠያቂ አልነበረችም። የክፍል ኃላፊ ነኝ፣ ፈርሜ እወስዳለሁ አልኳት። መዝገቡ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ስልኩን ለልጅቷ በደብተር መሐል አድርጌ ሰጠኋትና ቤት እንድታስቀምጠው፣ ዳግመኛ ትምህርት ቤት እንዳታመጣው ነገርኳት። ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘው የአክስቷ ትልቁ ልጅ እንዳይጫወትበት ኖሯል። ለፈተና ከሚተላለፈው ዝርዝርም ስሟን አላወጣሁም። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም ነገር ያወቀው ዝርዝሩ ከሄደ በኋላ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ አንዱ ቅጂ ለእኔ፣ አንዱ ለግል ማኅደሬ። ጡረታ ስወጣ እዚያው ነበር። የሥነ ዜጋው መምህርም፣ «እትዬ በስተርጅና ሌባ ሆነች» እያለ አንድ ሰሞን ተዝናናበት።

ልጅቷ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ታንቀላፋ ነበር። ውሃው ሌሊት መምጣቱን አልተወም፤ ጀሪካኖቹም ራሳቸውን አልሞሉም። ሙሉ እንቅልፍ የሰጠኋት አይምሰላችሁ፣ የወሰድኩባትን ነው የመለስኩላት። ከወንበር ግን ዳግመኛ አልወደቀችም፤ በደብተሯም ላይ ቁልቁል የሚሄዱት መስመሮች እየቀነሱ መጡ። ተፈተነች። ብዙም ሳይተርፋት አለፈች። ካርዷን ልትወስድ ስትመጣ እንቅልፍ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ተራችን ነው፣ ቲቸር» አለችና ቸኩላ ሄደች። አላመሰገነችኝም። የምታመሰግንበትም ምክንያት አልነበራት።

በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ የስምንተኛ ክፍል ውጤት መሻሻሉን ገለጸ። የስልክ ክልከላው ፍሬ ነው አለ፤ ተጨበጨበለት። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እጄን አውጥቼ መናገር እችል ነበር። ከተናገርኩ ግን ደንቡን ማን እንደጻፈው ይነሳል፤ ቤቴ ውሃ ማን እንደሚቀዳም አንዱ ይጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ ያለውን እንዳለ ጻፍኩ፣ በዚያው በሚያምረው ጽሑፌ። ድንኳን ውስጥ ሲያወራ የሰማሁትም ያንኑ፣ እኔ የጻፍኩለትን ነው።

ቤቴ የነበረችው ልጅ ከሄደች ቆይታለች። አሁን ውሃውን ራሴ ነኝ የምቀዳው። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቼ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ካላፏጨ ተመልሼ እጋደማለሁ፣ እንቅልፉ ግን አይመለስም። በማግስቱ እንደ ተደበደበ ሰው ሆኜ እውላለሁ። እኔ ፈተና የለብኝም፤ ቀን ብተኛም የሚስቅብኝ የለም።