ከሶፊያ የመጣው የጣሳ ሥጋ

በዕድሜዬ ብዙ የማይረባ ነገር ገዝቻለሁ። እግሬን የላጠ ጫማ ገዝቻለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው የቆመ ሰዓትም ገዝቻለሁ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ከቡልጋሪያ ተሸክሜ መካነ ሰላም ድረስ ያመጣሁት የጣሳ ሥጋ ነው። ይህን የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም። እናቴ ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች ላስረዳ ስፈልግ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው እሱን ነው።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነበር። እኔ የጤና ረዳት ነበርሁ፤ በአብዮቱ ዘመን ሠራተኛ ለሥልጠና ወደ ሶሻሊስት አገር ይላክ ስለነበር ዕጣው ደርሶኝ በቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ከረምሁ። አንድ ምሽት በማደሪያችን ሳሎን ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ወሎን አሳየ። አብረውኝ የሚሠለጥኑት የሌላ አገር ሰዎች ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። ንዴቴን መደበቅ አልቻልሁም። እኔ የማውቃት ወሎ አልጋዋን ለመንገደኛ ለቅቃ ራሷ መደብ ላይ የምትተኛ ናት፤ እዚያ ግን አጥንቷን ብቻ ያሳዩ ነበር። ንዴቱ ሲበርድ ፍርሃቱ መጣ። እናቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ነበር የምትኖረው፤ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግረኝ አልነበረም።

የመመለሻችን ጊዜ ሲደርስ ጓደኞቼ ሬዲዮና ልብስ መግዛት ጀመሩ። እኔም በየቀኑ በአንድ ሱቅ መስተዋት የማያት አንዲት ቀይ ካፖርት ነበረችኝ። ተውኋትና የምግብ መደብር ገባሁ። ለተጎዳ ሰው ሥጋ ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ፤ እናቴ አገግማ ትታየኝ ነበር። ጣሳው ላይ በሬ ተሥሏል። ግን ሥዕል ይታመናል? አሳማ ቢሆንስ? ትምህርታችን በአስተርጓሚ ስለነበር ቋንቋውን ከሰላምታ አላለፍሁበትም። ስለዚህ ሻጯ ፊት ቆሜ ሁለት ጣቶቼን ግንባሬ ላይ እንደ ቀንድ አቆምሁና «እምቧ!» አልሁ።

ሴትዮዋ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እዚያ አገር ይህ አዎን ማለት ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ እንደ አሳማ አንኮራፋሁ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች፤ አይደለም ማለቷ ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ! አሳማ አለመሆኑን ያጣራሁ ብልኅ ሴት እኔ ነኝ ብዬ ሻንጣዬን በጣሳ ሞላሁት፤ ልብሴን እንኳ ለጓደኞቼ አደልሁት።

መካነ ሰላም የደረስሁት በጥር ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መድረሴን አስልቻለሁ፤ ቀኑም ረቡዕ ወይም ዓርብ አልነበረም። ሰው ይህን ያህል አስቦ እንዴት ይሳሳታል? በእግሬ መንደራችን ስገባ እናቴ በሕይወት ነበረች። ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ ነው፤ ሳቅፋት ከነጠላዋ በቀር የያዝሁት ነገር ያለ አልመሰለኝም። አብራት እስላሟ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ እህል ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ስለገባ፣ ሁለቱ ሴቶች ማገዶ ለመቆጠብ በአንድ ምድጃ ይኖሩ ነበር።

ወሬ ሳላበዛ አንዱን ጣሳ በቢላ ከፈትሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው። እናቴ ጣሳውን አየት አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የማን ሥጋ ነው?»

«የበሬ ነው፣ እማዬ። አጣርቻለሁ።»

«በሬስ በሬ ነው። ማን አረደው?»

ክው አልሁ። በእኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ነገሩ ጠብ አይደለም። እናቴ ስትደግስ ለእስላም እንግዶቿ በግ ለይታ ትሰጥ ነበር፤ የጎረቤታችን ባል «ቢስሚላህ» ብሎ ያርድላቸዋል። እነሱም ሲድሩ ለእኛ እንዲሁ ነው። ሕፃን የሚያውቀውን ይህን ጥያቄ እኔ ስድስት ወር ከሰው አገር ማዕድ ስበላ ከርሜ ረስቼዋለሁ። ያንን በሬ ያረደው ምናልባት የፋብሪካ መኪና ነው፤ በስመ አብም አላለ፣ ቢስሚላህም አላለ።

«ሰው እያለቀ የአራጅ ስም ትጠይቂኛለሽ?» ብዬ ጮኽሁ። «ይኼ መድኃኒት ነው! ብዪ!»

እናቴ አልተቆጣችም። «ረሃብ ከብቴን ወሰደ፤ እህሌን ወሰደ» አለች። «ይቺን ማተቤን ደግሞ እኔው በእጄ ላቀብለው?»

ጎረቤታችን እጄን ያዝ አደረገች። «አብሽሪ፣ ልጄ። ያሰብሽው ኸይር ነው፤ አላህ ይቀበልሽ። ግን ወላሂ፣ እኔም አልበላውም።»

አውራ ጣቴን ጣሳው ቆርጦት እየደማ ወደ ደጅ ወጣሁና አለቀስሁ። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ንዴት ነበር። ከዚያ ግን ያ ቴሌቪዥን ትዝ አለኝ። ፈረንጅ አጥንታቸውን አይቶ ያዘነላቸው ሴቶች፣ ግድግዳ ይዘው የሚቆሙ፣ የተከፈተ ሥጋ ፊታቸው ቀርቦ «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ማን ቀርጾ ያሳይ? ኩራት እንደዚያ ቀን ደረቴን ሞልቶት አያውቅም። ጭንቀቱ ግን እንዳለ ነበር፤ ኩራት አያጠግብም፤ እናቴ ካልበላች ትሞትብኛለች።

በማግስቱ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ በጭነት መኪና በአቀስታ በኩል ደሴ ተመለስሁ። ለእርዳታ ለመጡ ፈረንጆች ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ ነበር። ጣሳውን እያገላበጠ «እኅቴ፣ ይኼ የማን ሥጋ ነው?» አለኝ።

«የፈረንጅ!» አልሁት። «አንተን ብላ አላልሁህም፤ ለፈረንጅ ሽጠው።»

ሳቀ። ጣሳውን በገብስና በአተር ልለውጥ ስለው ግን ሳቁን ትቶ ሊያጭበረብረኝ ሞከረ። በቡልጋሪያ መደብር እንደ በሬ የጮኸች ሴት በደሴ ገበያ አፍራ ዝም አትልም። የሚገባኝን ያህል እህል እስኪያስጭን ድረስ ከሱቁ ደጅ አልነቃነቅም አልሁት፤ አስጫነ።

እህሉ ቤት ገባ። ጎረቤታችን ገብሱን አመሰችው። እናቴ ቆሎውን በሁለት እጇ ዘገነችና ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንቺ ቅደሚ፣ እማዬ» አልሁ። «ስለ ማርያም፣ አንቺ ብዪ።»

«መንገደኛ ሳይቀምስ?» አለች። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ተቀበልሁ። ቆረጠምሁ፤ እንባዬ እየቀደመኝ አላምጬ ዋጥሁ። መዋጤን ካየች በኋላ እናቴ በላች።