ማንኪራ ላይ የተጠየቀው የአባባ ስም

ከጅማ ወደ ቦንጋ

ከጅማ መናኸሪያ ሚኒባስ የተሳፈርኩት ለሽርሽር አልነበረም። ቦንጋ ታሪክ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ታምራት፣ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን አባል ከሆነ ዳንኤል ከሚባል የአዲስ አበባ ሰው ጋር ቅዱሳት መጻሕፍትን ማጥናት መጀመሩን ሰማን። እማዬን ያስጨነቃት ጥናቱ ሳይሆን፣ ሞርሞኖች በሞተ ሰው ስም ሕያው ሰው ያጠምቃሉ መባሉ ነው።

“ያ ሰው መሪጌታውን አባትሽን ከመቃብር ቀስቅሶ ሃይማኖት እንዳያስለውጥብኝ፤ ሂጂና እዪልኝ” አለችኝ።

ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ዝናብ ተቀበለን። ቦንጋ ደርሼ በባጃጅ ታምራት ቤት ገባሁ። ቆጮ በጎመን አቀረበልኝ፤ ዓይኔን ግን አያይም። ስለ አባባ ሳነሳ ወሬ ቀየረ።

“ነገ ከዳንኤል ጋር ማንኪራ እንሄዳለን። ራስሽ ጠይቂው፣ እታለም።”

ማንኪራ

የቡና መገኛ በምትባለው ማንኪራ፣ በጭቃ መንገድ ጫካውን አቋርጠን ጋሽ አለማየሁ ቤት ደረስን። ንብ ያረባሉ፣ የጫካ ቡና ይለቅማሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ የዘር ሐረግ የሚመዘግበው ዳንኤል የጎሳቸውንና የአያቶቻቸውን ስም ጠየቃቸው። እሳቸው ቀድመው ቡና አቀረቡ።

“ይቅርታ፣ ጋሼ፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።”

“ማንኪራ ድረስ መጥተህ?” ሲኒውን መለሱት። “ቡናዬን ያልጠጣ ሰው የአያቶቼ ስም ምን ያደርግለታል?”

እኔም ይህን አጋጣሚ ስጠብቅ ነበር። “የአባቴስ ስም?” አልኩት።

ዳንኤል ግራ ተጋባ። “ታምራት ሰጥቶናል። ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ ግን ጥምቀቱ አይፈጸምም። እናታችሁ ፈቅደዋል ብሎኛል።”

ወደ ታምራት ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል።

“ዋሽቻለሁ” አለ። “ከአባባ ጋር እንደተኳረፍን ሞተ። ቤተሰብ በሞት አይለያይም፣ ትገናኛላችሁ ያለኝ ዳንኤል ብቻ ነው።”

ዳንኤል የአባባን ስም ከመዝገቡ እንደሚያስወጣ ቃል ገባልን። ጋሽ አለማየሁ አንድ ሳህን ማር አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ። “ይህንንስ ይፈቅድልሃል?” አሉት። በላ። የአያቶቻቸውን ስም ግን አልነገሩትም።

ጅማ፣ መልስ

ዳንኤልን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ነገር ግን እንግዳውን ላጋልጥ ሄጄ፣ ያገኘሁት ውሸት የቤታችን ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሐዘንም እንደዚያው።

ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

“ለታምራት ደውዪና ለፋሲካ ይምጣ በይው” አለች። “አባትሽ መቃብር ላይ ወስጄ እኔ አስታርቃቸዋለሁ።”