ምሳ ያመጣችው ሚስት

ትናንት ሐዋሳ ገበያ ውስጥ የቆጮ ሽታ ሲመታኝ ታቦር ተራራ ሥር የነበረው ጓሯችን ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል የምማር ልጃገረድ ነኝ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ሰቅላ፣ ቆጮ የሚሆነውን እንሰት ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በተረከዟ ይዛ በቀርከሃ ትፍቃለች። ጭማቂው ክንዷን አሳክኮት ቀልቷል። እኔ አጠገቧ ሆኜ የትምህርት ቤት መጽሐፌን አነብላታለሁ። ገበሬው ሲያርስ ዋለ፤ ሚስቱ ምሳ አመጣችለት፤ ታሪኩ አለቀ።

"ሚስትየዋ ከዚያስ ምን ሠራች?" አለችኝ መፋቋን ሳታቆም።

"ምንም። አለቀ እኮ፣ እማ።"

"የጻፈው ወንድ ነው?"

"አዎ፣ ስሙ የወንድ ነው።"

"እሱማ የት ያያል። እንሰት ስንፍቅ ወንድ አይጠጋም።"

ያኔ ወንድ እንዳይጠጋ ስለሚከለክለው ደንብ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ንባቤን ቀጠልኩ።

አድጌ ደራሲ ሆንኩ። በመጀመሪያው ልቦለዴ ውስጥ፣ በሬ እንኳ ያልነበረው አባቴ ሦስት ገጽ ሙሉ ያርሳል። እናቴ በአንድ መስመር ምሳ ታመጣለታለች።

ትናንት ቆጮውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ያ መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬስ ወንድ ነው፤ አላየም። እኔ ግን ከሳንቃው አጠገብ እያየሁ ያደግሁ ሴት ልጇ ነኝ።